ሞተሩ ከመፈታቱ በፊት መለካት ያለባቸው ነገሮች

የቀረበው ጥያቄ ባጭሩ እንዲህ ነው። ጠያቂው ከ30 ዓመት በፊት የተሠራ፣ 1ኤችዜድ የሚባለው ባለ 4.2 ሊትርና ባለ ስድስት ሲሊንደር የቶዮታ የናፍጣ ሞተር የተገጠመለት ላንድክሩዘር አላቸው። ቆጣሪው 380,000 ኪሎ ሜትር ያሳያል። ጠዋት ሞተሪኖው (ሞተሩን ለማስነሳት የሚያዞረው የኤሌክትሪክ ሞተር) ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ካላሽከረከረው ሞተሩ አይነሳም፤ ከተነሳም በኋላ ለሁለት ወይም ለሦስት ደቂቃ እየተንቀጠቀጠ ዓይን የሚያቃጥል ነጭ ጭስ ያወጣል። ሲሞቅ ይስተካከላል፤ ረጅም ዳገት ላይ ግን ጉልበቱ ቀስ በቀስ ይቀንሳል። በየ1,000 ኪሎ ሜትሩ ግማሽ ሊትር ያህል ዘይት ይጨምሩለታል። የቀድሞው ባለቤት ቴርሞስታቱን (የማቀዝቀዣውን ውሃ መንገድ እንደ ሙቀቱ የሚከፍተውንና የሚዘጋውን ክፍል) አውጥተው እንደጣሉትም ነግረዋቸዋል። መኪናውን ያየው መካኒክ «ሞተሩ አልቋል፤ ወርዶ ሙሉ በሙሉ ይታደስ» የሚል ውሳኔ ሰጥቷል። ጠያቂው ማወቅ የሚፈልጉት ሞተሩን ያስፈቱት፣ መኪናውን ይሽጡት ወይስ በጥገና ብቻ ረጅም መንገድ ሊተማመኑበት ይችሉ እንደሆነ ነው።

ምላሼ አይፍቱት የሚል ነው፤ ቢያንስ ገና አይፍቱት። ከዘረዘሯቸው ምልክቶች መካከል አንዱም ብቻውን የሞተሩን ማለቅ አያረጋግጥም። እያንዳንዱ ሞተሩ ሳይፈታ ሊታይ፣ ሊለካና አብዛኛውን ጊዜም ሊስተካከል የሚችል ሌላ ምክንያት አለው። 1ኤችዜድ ከ1990 ጀምሮ የተመረተ ሞተር ሲሆን፣ ከአራት ሊትር በላይ ይዘት እያለው የሚያወጣው 130 የፈረስ ጉልበት አካባቢ ብቻ ነው፤ ቱርቦም የለውም። ይህ ማለት ፒስቶኖቹም፣ ኮሎውም (ፒስቶኖቹ የሚያዞሩት ዋና ዘንግ)፣ ብሮንዚናዎቹም (ዘንጉ የሚሽከረከርባቸው ማረፊያዎች) ከአቅማቸው በታች ይሠራሉ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሞተር በሙቀት፣ በአቧራና በተበላሸ ዘይት ካልተጎዳ በስተቀር 380,000 ኪሎ ሜትር መሄዱ ብቻውን የሞት ፍርድ አያስፈርድበትም። የተጎዳ ከሆነም ጉዳቱ በቁጥር ይታያል።

ይህን አጥብቄ የምናገርበት ምክንያት አለኝ። ከዓመታት በፊት ተመሳሳይ ምልክት የነበረው ሞተር ሌላ ጋራዥ ውስጥ እንዲወርድ ከተወሰነበት በኋላ ባለቤቱ ሁለተኛ አስተያየት ፈልገው ወደ እኔ አመጡት። ቴስታታው (ከሲሊንደሮቹ በላይ ያለው የሞተሩ ራስ) ሊነሳ ቀን ተቆርጦለት ነበር። እኔ በነዳጅ ፊልትሮውና በኢንጀክሽን ፓምፑ (ነዳጁን በግፊት ወደ ሲሊንደሮቹ በሚልከው) መካከል ያለውን ጥቁር ጎማ አውጥቼ በምትኩ ውስጡ የሚታይ ቱቦ አስገባሁና ጠዋት ሞተሩ ሲሽከረከር ተመለከትኩ። መጀመሪያ ጥርት ያለ ናፍጣ አለፈ፤ ከዚያ አረፋ እንደ ጨሌ ተከታትሎ መምጣት ጀመረ። ምንጩን ፍለጋ ወደ ኋላ ስሄድ፣ ወደ ፊልትሮው በሚገባ የጣት ርዝመት ባላት ጎማ ላይ፣ ከፋሼታው (ጎማውን አጥብቆ ከሚይዘው ቀለበት) ሥር፣ ጎማው ሲታጠፍ ብቻ የሚከፈት ስንጥቅ አገኘሁ። ከውጭ አንዲት ጠብታ እንኳን አልነበረችም። ጎማው ተቀየረ፣ ሞተሩ በማግስቱ ጠዋት ሁለት ጊዜ እንደዞረ ተነሳ። በዚያች ጎማ ምክንያት አንድ ጤነኛ ሞተር ተፈትቶ፣ ተፍቆና ተገጣጥሞ የባለቤቱን ገንዘብ ሊበላ ነበር፤ እስከ ዛሬ ትዝ ሲለኝ ይቆጨኛል።

ጠብታ ያልነበረበትን ምክንያት መረዳት ለእርስዎም ይጠቅማል። በዚህ ሞተር ላይ ናፍጣውን ከሰልባትዮው (ከነዳጅ ታንኩ) የሚስበው በራሱ በኢንጀክሽን ፓምፑ ውስጥ ያለው አነስተኛ ፓምፕ ነው። ስለዚህ ከሰልባትዮው እስከ ፓምፑ ያለው መስመር ግፊት ያለበት ሳይሆን የሚመጠጥ መስመር ነው፤ ቀዳዳ ሲኖረው ናፍጣ ወደ ውጭ አያፈስም፣ አየር ወደ ውስጥ ያስገባል እንጂ። ሞተሩ በሚሠራበት ጊዜ ጥቂት አየር ብዙ ላያስቸግር ይችላል፤ ሌሊት ቆሞ ሲያድር ግን በመስመሩ ውስጥ ያለው ናፍጣ በዚያው ቀዳዳ በገባው አየር ተተክቶ ወደ ሰልባትዮው ይመለሳል። ጠዋት ሞተሪኖው 15 ሰከንድ የሚደክመው ሞተሩን ለማስነሳት ሳይሆን ባዶውን መስመር ለመሙላት ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምርመራ ምንም መሣሪያ የማይጠይቅ ነው። አንድ ጠዋት፣ ቁልፉን ከመንካትዎ በፊት፣ በነዳጅ ፊልትሮው አናት ላይ ያለውን የእጅ ፓምፕ እስኪጠነክር ድረስ ደጋግመው ይጫኑት፤ ከዚያ እንደ ወትሮው አሙቀው ያስነሱት። ወዲያው ከተነሳ ችግሩ የነዳጁ ወደ ኋላ መመለስ ነው፤ ጎማዎቹን፣ ፋሼታዎቹን፣ የፊልትሮውን የጎማ ቀለበትና የእጅ ፓምፑን ራሱን ይመርምሩ። በሌላ ጠዋት ደግሞ የእጅ ፓምፑን ሳይነኩ የማሞቂያ ካንዴላዎቹን (ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ማቃጠያውን ክፍል በኤሌክትሪክ የሚያሞቁትን) ሁለት ጊዜ ተከታትለው አሙቀው ይሞክሩ። በዚህኛው ከተሻሻለ ጥርጣሬው ወደ ካንዴላዎቹ ይዞራል። ሁለቱም ምንም ለውጥ ካላመጡ ነው ወደ ባትሪ፣ ነዳጁን ወደሚረጨው ኖዝልና ወደ ኮምፕረሽን (ሲሊንደሩ አየሩን ጨምቆ ወደሚፈጥረው ግፊት) መሄድ ያለብን። እነዚህ ሁለት ጠዋቶች ከብዙ ግምት ያድኑዎታል።

ስለ ጭሱ የጻፉት ዝርዝር በጣም ጠቃሚ ነው። ዓይን የሚያቃጥልና ናፍጣ ናፍጣ የሚሸት ነጭ ጭስ ያልተቃጠለ ነዳጅ ነው፤ ኖዝሉ ነዳጁን ረጭቶታል፣ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው አየር ግን ለማቃጠል በቂ ሙቀት አላገኘም። ከቴስታታ ጋስኬት (በቴስታታውና በሲሊንደሮቹ መካከል ካለው ማሸጊያ) መቃጠል ወይም ከስንጥቅ የሚመጣው ነጭ ጭስ ከዚህ ይለያል፤ እርሱ የውሃ እንፋሎት በመሆኑ ዓይን አያቃጥልም፣ ኩላንት ካለበት ጣፋጭነት ያለው ሽታ ይኖረዋል፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም አይጠፋም። የእርስዎ በሦስት ደቂቃ ውስጥ መጥፋቱ የመጀመሪያውን ዓይነት ያመለክታል። ቢሆንም ጋስኬቱ ጤነኛ መሆኑን በአንድ ሰዓት ውስጥ ማረጋገጥ ይቻላል። የማቃጠያ ጋዝ ሲነካው ከሰማያዊ ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ቢጫ የሚለወጥ የመመርመሪያ ፈሳሽ አለ፤ ከራዲያተሩ አፍ ላይ የሚወጣው አየር በፈሳሹ ውስጥ እንዲያልፍ ይደረጋል፣ ቀለሙ ካልተለወጠ ከቃጠሎው ክፍል ወደ ውሃው የሚያልፍ ጋዝ የለም ማለት ነው።

ወደ ካንዴላዎቹ ስንመጣ፣ ይህ ሞተር ነዳጁን የሚረጨው በቀጥታ ፒስቶኑ ላይ ሳይሆን በቴስታታው ውስጥ ባለች ትንሽ ቅድመ ማቃጠያ ክፍል ውስጥ ነው። የዚህ ዓይነት ሞተር አየሩን ከ22 ጊዜ በላይ አጥብቆ የሚጨምቅ ቢሆንም የትንሿ ክፍል ግድግዳዎች ቀዝቃዛ ሲሆኑ ሙቀቱን ይነጥቁታል፤ ስለዚህ ካንዴላ ከሌለው በብርድ መነሳት ይከብደዋል። ከስድስቱ ሁለቱ ወይም ሦስቱ ከሞቱ ሞተሩ በቀሩት ይነሳና እስኪሞቅ ድረስ ይንቀጠቀጣል፤ ያልነደዱት ሲሊንደሮች ናፍጣቸውን በማርሚታው (በጭስ ማውጫው) በኩል ነጭ ጭስ አድርገው ያወጡታል። የእርስዎን ገለጻ ሳነብ መጀመሪያ ወደ አእምሮዬ የመጣው ይኸው ነው። ለመመርመር ስድስቱን የሚያገናኘውን የመዳብ ዝርግ መፍታት ግድ ነው፤ እርሱ ካልተፈታ አንዱ ጤነኛ ካንዴላ የሌሎቹን ሞት ይሸፍናል። ከዚያ ከባትሪው ፖዘቲቭ የመጣ የመሞከሪያ አምፖል የእያንዳንዱን ካንዴላ ጫፍ ሲነካ ከበራ ክሩ አልተበጠሰም፤ ካልበራ ሞቷል። በኦም መለኪያ ጤነኛ ካንዴላ ብዙውን ጊዜ 1 ኦም አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ያሳያል። ስድስቱም ጤነኛ ከሆኑ ኤሌክትሪኩ በእርግጥ የሚደርሳቸው መሆኑን ቁልፉ ሲከፈት በቮልት መለኪያ ያረጋግጡ፤ ሬሌው (ኤሌክትሪኩን ወደ ካንዴላዎቹ የሚያገናኘው ማብሪያ) ደክሞ ካንዴላው የሚታማበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ባትሪውን በሁለት ቁጥር እንለፈው። ባለ 12 ቮልት ሲስተም ከሆነ ሞተሪኖው በሚያሽከረክርበት ጊዜ የባትሪው ቮልት ከ9.6 በታች መውረድ የለበትም፤ በባትሪው ኔጋቲቭና በሞተሩ አካል መካከል በዚያው ቅጽበት የሚለካው ደግሞ ከ0.5 ቮልት መብለጥ የለበትም። ሁለተኛው ቁጥር ከበለጠ የምድር ሽቦው ዝጓል ወይም ላልቷል። ቀስ ብሎ የሚዞር የናፍጣ ሞተር የጨመቀው አየር ከመሞቁ በፊት በፒስቶኑ ዙሪያ ያመልጣል፤ ስለዚህ የሞተሪኖ ድካም የኮምፕረሽን ማነስ መስሎ ይታያል።

አሁን ወደ ቴርሞስታቱ። እውነቱን ለመናገር ከጥያቄዎ ሁሉ ያሳሰበኝ ይህ ነው፤ ከመኪናው ዕድሜ ይልቅ ይህ ሞተሩን ይገድለዋል። ቴርሞስታት የሚያወጡ ሰዎች ሞተሩ እንዳይግል በማሰብ ነው የሚያወጡት። ነገር ግን የናፍጣ ሞተር ከዓይነቱ የተነሳ ቀዝቃዛ ነው፤ ቀላል ጉዞ ላይ ውሃው ሳይገደብ በራዲያተሩ ውስጥ ካለፈ ሞተሩ ወደ ሥራ ሙቀቱ ጨርሶ ላይደርስ ይችላል። ያልሞቀ ሲሊንደር ነዳጁን በሙሉ አያቃጥልም፤ ትራፊው በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ያለውን የዘይት ሽፋን አጥቦ ወደ ዘይቱ ይወርዳል፣ ዘይቱ ይቀጥናል፣ የፒስቶን ቀለበቶቹም ሆኑ ሲሊንደሩ ፈጥነው ይበላሉ። በዚህ ላይ በብዙ ሞተሮች ቴርሞስታቱ ሲከፈት የራዲያተሩን ማለፊያ አቋራጭ መንገድ ይዘጋል፤ ቴርሞስታቱ ሲወጣ አቋራጩ ሁልጊዜ ክፍት ስለሚሆን ከውሃው ከፊሉ ራዲያተሩን ሳያይ ይመለሳል። ውጤቱ በሜዳ የሚበርድ፣ በዳገት የሚግል ሞተር ነው። ስለዚህ በአምራቹ መመሪያ የተጻፈው ሙቀት ላይ የሚከፈት፣ ብዙውን ጊዜ ከ76 እስከ 88 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ አዲስ ቴርሞስታት ያስገጥሙ። ከመግጠምዎ በፊት ከቴርሞሜትር ጋር በሚሞቅ ውሃ ውስጥ አንጠልጥለው መከፈቱን በዓይንዎ ይዩ። ቴርሞስታት ከተገጠመ በኋላ ሞተሩ ከጋለ ደግሞ የተሸፈነው ችግር ተገለጠ ማለት ነው፦ የተደፈነ ራዲያተር፣ የደከመ የፋን ክላች፣ ግፊት የማይዝ ክዳን ወይም የውሃ ፓምፕ። ጥገናው ወደዚያ ይሂድ።

ክዳኑን አቅልለው እንዳያዩት። 1 ባር አካባቢ ግፊት የሚይዝ ክዳን የውሃውን የመፍያ ሙቀት ወደ 120 ዲግሪ ያደርሰዋል፤ ከፍታ ቦታ ላይ ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ስለሚፈላ ጥቅሙ የበለጠ ይጎላል።

ዳገት ላይ የሚከዳው ጉልበት ሌላ ጉዳይ ነው፤ ከጠዋቱ ችግር ጋር አንድ ላይ ባይደባለቅ ይሻላል። እዚህ ላይ ዋናው መረጃ ማርሚታው ነው። ጉልበቱ ሲቀንስ ጥቁር ጭስ ከበዛ ነዳጅ እየደረሰው ነው፣ ያነሰው አየር ነው፤ ዲፕራተሩን (የአየር ማጣሪያውን) እና ኖዝሎቹን ይመልከቱ። ጉልበቱ ሲቀንስ ጭሱ ንጹህ ከሆነ ግን ያነሰው ነዳጅ ነው። እርስዎ ስለ ጥቁር ጭስ ስላልጠቀሱና ጉልበቱም በአንድ ጊዜ ሳይሆን ቀስ በቀስ ስለሚቀንስ ሁለተኛውን እጠረጥራለሁ። የነዳጅ ፊልትሮው ካልተቀየረ መጀመሪያ እርሱን ይቀይሩ። ቀጥሎ ጉልበቱ በቀነሰበት ቅጽበት ደኅና ቦታ ቆመው የሰልባትዮውን ክዳን ይክፈቱ፤ አየር እየሳበ የሚያፏጭ ድምፅ ከሰሙ መተንፈሻው ተደፍኗል። ድምፅ ከሌለ በሰልባትዮው ውስጥ ያለው ወንፊት ቀሪ ተጠርጣሪ ነው፤ በብዙ ዓመት የተጠራቀመ ዝቃጭ ብዙ ነዳጅ በሚሳብበት ጊዜ ወደ ወንፊቱ ተስቦ ይደፍነዋል፣ ሞተሩ ሲቆም ይለቀዋል። መኪናው ጥቂት አርፎ እንደገና ደኅና መሄዱ የዚህ ምልክት ነው። አንድ ሰው ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻ ረግጦ ሌላ ሰው ፓምፑ ላይ ያለው ክንድ እስከ መጨረሻው መድረሱን ማየትም አይርሳ፤ የረዘመ ገመድ ብቻ ሆኖ የተገኘበት ጊዜ አለ።

ኖዝሎቹ መቼ እንደተመረመሩ ማስረጃ ከሌለዎት ስድስቱም ወጥተው በመፈተሻ ማሽን ላይ ይታዩ። በዚህ ሞተር አዲስ ኖዝል የሚከፈተው 150 ባር አካባቢ ሲሆን፣ የደከመው ከዚያ በታች ይከፈትና ናፍጣውን እንደ ጭጋግ መበተኑን ትቶ እንደ ክር ያፈስሰዋል። ሲመለሱ የመዳብ ራንዴላዎቹ (ማሸጊያ ቀለበቶቹ) አዲስ መሆን አለባቸው። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፦ ኖዝል በሚረጭበት አካባቢ እጅ ፈጽሞ አይቅረብ። በዚያ ግፊት የሚወጣ ናፍጣ ቆዳን ይበሳል፤ ቁስሉ የመርፌ ጫፍ ቢያክልም በሥጋ ውስጥ የሚሠራው ጉዳት ጣትን ወይም እጅን የሚያሳጣ በመሆኑ ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል የሚያስኬድ ነው።

ይህ ሁሉ ከተስተካከለ በኋላ ነው ኮምፕረሽን መለካት ትርጉም የሚኖረው። ሞተሩ መሞቅ፣ ባትሪው መሙላት፣ ካንዴላዎቹ በሙሉ መውጣት፣ የነዳጅ ማቋረጫው ገመድ መለየት አለበት፤ መለኪያውም ለናፍጣ የተሠራ ይሁን፣ የቤንዚን ሞተር መለኪያ ይህን ግፊት አይችልም። ጤነኛ የሆነ እንዲህ ያለ ሞተር 30 ባርና ከዚያ በላይ ይሰጣል፤ ከ20 ባር በታች ያለ ሲሊንደር ደክሟል፤ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነትም ከ5 ባር ባይበልጥ ይመረጣል። ልኬቱ የሚወሰደው ከባሕር ጠለል 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ከሆነ አየሩ ራሱ በ20 በመቶ ያህል የሳሳ ስለሆነ ቁጥሩም በዚያው ልክ ዝቅ ይላል። ይህን ሳያስቡ የመመሪያውን ቁጥር በቀጥታ ማወዳደር ጤነኛውን ሞተር በሽተኛ ያሰኛል፤ ከፍታ ላይ ከቁጥሩ መጠን ይልቅ የስድስቱ እርስ በርስ መቀራረብ ይበልጥ ይናገራል። ዝቅተኛ ቁጥር ሲገኝ በቤንዚን ሞተር እንደሚደረገው በሲሊንደሩ ውስጥ ዘይት ጨምሮ እንደገና መለካት ለናፍጣ አይመከርም፤ የማቃጠያው ክፍል በጣም ጠባብ ስለሆነ ዘይቱ ራሱ ቦታውን ይዞ ሐሰተኛ ከፍተኛ ቁጥር ይሰጣል፣ ከበዛም ፒስቶኑን አግቶ የፒስቶኑን ዘንግ ሊያጣምም ይችላል።

በዚያ ፋንታ የማፍሰሻ ፍተሻ ይደረግ። ፒስቶኑ ከላይ ቆሞ ቫልቮቹ ተዘግተው ሳለ በካንዴላው ቀዳዳ የታመቀ አየር ይገባል፤ ከዚያ በጆሮ ማድመጥ ነው። ፉጨቱ በዲፕራተሩ በኩል ከተሰማ የመግቢያው ቫልቭ አይዘጋም። በማርሚታው ከሆነ የመውጫው ቫልቭ ነው። በዘይት መሙያው በኩል ከሆነ የፒስቶን ቀለበቶቹ ወይም ሲሊንደሩ፣ በራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ከታየ ጋስኬቱ ወይም ቴስታታው ነው። አየሩ ሞተሩን በድንገት ሊያዞረው ስለሚችል እጅና ቁልፍ ከፑሊው ይራቁ። ብዙ ጊዜ «አለቀ» የተባለ ሞተር በዚህ ፍተሻ ላይ ቫልቭ ብቻ ሆኖ ይገኛል፤ የቫልቭ መቀመጫ በዓመታት እየተበላ ቫልቩ ወደ ላይ ስለሚወጣ ክፍተቱ ጠፍቶ ቫልቩ ሙሉ በሙሉ መዘጋት ያቆማል። ስለዚህ ከኮምፕረሽን ልኬት በፊት የቫልቭ ክፍተት መለካቱ ተገቢ ቅደም ተከተል ነው። ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ ሞተር አያስፈታም።

ዘይት መጨመርዎን በተመለከተ ብዙ አልጨነቅም። በየ1,000 ኪሎ ሜትሩ ግማሽ ሊትር ለዚህ ስፋትና ዕድሜ ሞተር ከፍ ያለ ቢሆንም ብቻውን ሞተር አያስወርድም፤ መጀመሪያ ከሥር የሚያፈስ መኖሩን ይመልከቱ። ሞተሩ ሞቆ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ) እየሠራ እያለ የዘይት መሙያውን ክዳን ፈትተው ገልብጠው በአፉ ላይ ያስቀምጡት። በቦታው ቆሞ በመጠኑ ቢንቀጠቀጥ ደኅና ነው፤ እየተገፋ ከዘለለና ጭስ ከተከተለው ግን የማቃጠያ ጋዝ በቀለበቶቹ እያለፈ ነው። የዘይት ግፊቱን በዳሽቦርዱ መርፌ ሳይሆን በሜካኒካል መለኪያ ያስለኩ፤ ሞተሩ በጋለ ጊዜ ሚኒሞ ላይ ከ0.3 ባር በታች ከሆነ፣ በደቂቃ 3,000 ዙር ላይም ወደ 2.5 ባር ካልደረሰ ጉዳዩ የዘይት ፓምፕና የብሮንዚና ነው፣ ያኔ የመካኒኩ ቃል ትክክል ሊሆን ይችላል።

መካኒኩን የማምንበት ሁኔታ እንግዲህ ይህ ነው፦ አንድ ወይም ከዚያ በላይ ሲሊንደር ከ20 ባር በታች ሆኖ የማፍሰሻ ፍተሻው ፉጨት በዘይት መሙያው በኩል ሲሰማ፣ ወይም የተረጋገጠ ዝቅተኛ የዘይት ግፊት ሲኖር፣ ወይም ወደ ውሃው የሚያልፍ ጋዝ ሲገኝ። ያኔም ቢሆን ግማሽ እድሳት አይቀበሉ። የተበላ ሲሊንደር ላይ አዲስ ቀለበት መክተት ለጥቂት ወራት ያስደስት እንደሆነ እንጂ ዘይት መብላቱን አያቆምም። ሲሊንደሮቹ ከላይና ከታች ይለኩ፣ ቴስታታው ለስንጥቅ በግፊት ይፈተሽ፣ አለመጣመሙ በቀጥ ብረት ይታይ፤ ሬቲፊካ (በማሽን መፋቅ) የሚደረገውም የተለካው ቁጥር ሲያዝ ብቻ ነው።

ረጅም መንገድ ሊተማመኑበት ይችሉ እንደሆነ ላነሱት ጥያቄ ደግሞ ከሁሉ አስቀድሜ ቺንጋውን እላለሁ። ይህ ሞተር ካምሻፍቱን (ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ) እና ኢንጀክሽን ፓምፑን የሚያዞረው በጎማ ቺንጋ ነው፤ የተለመደው የመቀየሪያ ጊዜ 100,000 ኪሎ ሜትር ነው። ጊዜው ሲደርስ በዳሽቦርዱ ላይ የሚበራ መብራት አለ፤ መብራቱን ግን ቺንጋውን ሳይቀይሩም ማጥፋት ይቻላል። ስለዚህ የመብራቱ አለመብራትም ሆነ የቀድሞው ባለቤት ቃል ማስረጃ አይሆንም። በናፍጣ ሞተር ውስጥ በቫልቩና በፒስቶኑ መካከል የፀጉር ያህል ክፍተት ስለሚቀር ቺንጋው የተበጠሰ ዕለት ቫልቮቹ ከፒስቶኖቹ ጋር ይጋጫሉ። የተቀየረበት የጽሑፍ ማስረጃ ከሌለ ይህ ከካንዴላውም በፊት የሚሠራ ሥራ ነው፤ ማወጠሪያውና በአካባቢው ያሉት የዘይት መከላከያ ጎማዎችም አብረው ይቀየሩ።

ዘይቱ ለናፍጣ ሞተር የተመደበ፣ ደረጃው ሲኤች-4 ወይም ሲአይ-4 የሆነ 15ደብሊው40 ቢሆን ጥሩ ነው። አቧራማ መንገድ ላይ ለሚሠራ ወይም ሰልፈሩ ከፍ ያለ ናፍጣ ለሚጠቀም ሞተር በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ከፊልትሮው ጋር መቀየር ብክነት አይደለም። በተቀየረ ማግስት መጥቆሩ አያስደንግጥዎት፤ የዚህ ዓይነት ሞተር ጥላሸት ያመርታል፣ የዘይቱ ሥራም ጥላሸቱን ተሸክሞ መቆየት ነው። ከመለኪያው ዘንግ አንዲት ጠብታ ነጭ ወፍራም ወረቀት ላይ ጥለው እስከ ማግስቱ ይተዉት። ጥቁሩ ከመካከል ወደ ዳር እየሳሳ ከተሰራጨ ዘይቱ ገና ይሸከማል፤ በመካከል ጠርዙ የተቆረጠ ጥቁር ክብ ሆኖ ከቀረ መሸከም አቁሟል፤ ዳሩ ላይ ሰፊ የሚያብረቀርቅ የጠራ ቀለበት ከታየ ናፍጣ ገብቶበታል። ቴርሞስታት በሌለው በእርስዎ ሞተር ላይ ይህ ቀለበት ቢገኝ አይደንቀኝም። በመለኪያው ላይ ዘይቱ እየጨመረ ከሄደም ናፍጣ ወይም ውሃ እየገባ ነውና ሞተሩን አያስነሱት።

ናፍጣው ራሱ የፓምፕዎ ዘይት መሆኑን ያስታውሱ። በዚህ ሞተር ላይ ያለው ተሽከርካሪ ፓምፕ ውስጡ የሚለሰልሰው በሚያልፍበት ነዳጅ ብቻ ነው፤ አንዳንድ ትልልቅ ሞተሮች ላይ እንዳለው ረድፍ ፓምፕ ከሞተሩ ዘይት አያገኝም። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ወይም ውሃ ያለበት ናፍጣ ፓምፑን ብረት በብረት ያፋጨዋል። በፊልትሮው ሥር የተጠራቀመውን ውሃ ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ ያፍስሱ። መኪናው ለረጅም ዓመታት ሰልፈሩ ከፍተኛ በሆነ ናፍጣ ሠርቶ ሰልፈሩ እጅግ ዝቅ ወዳለው ከተሸጋገረ፣ ለምሳሌ በአውሮፓ ከ2009 ጀምሮ በኪሎ ግራም ከ10 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ወደተደነገገው ዓይነት፣ የፓምፑ አሮጌ የጎማ ቀለበቶች ሊኮማተሩና አየር ሊያስገቡ ይችላሉ። መፍትሔው ቀለበቶቹን መቀየር ነው።

አቧራን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ያድርጉ፤ ዲፕራተሩን ሲቀይሩ ከፊልትሮው በኋላ ወደ ሞተሩ በሚሄደው ቱቦ ውስጥ ነጭ ጨርቅ አስገብተው ይጥረጉ። ጨርቁ አፈር ይዞ ከወጣ ፊልትሮው አዲስም ቢሆን ጥቅም የለውም፤ አየሩ በጎኑ እየገባ ነው፣ ሲሊንደሮቹንም እንደ ብርጭቆ ወረቀት እየፈገፈጋቸው ነው።

ሦስት ነገሮችን ግን ማንም ቢመክርዎት አይቀበሉ። ጠዋት እንዲነሳ ብሎ ኤተር መርጨት አንዱ ነው፤ የጋለ ካንዴላ ባለበት ሞተር ውስጥ ኤተር ጊዜውን ሳይጠብቅ ስለሚፈነዳ ቀለበትና ፒስቶን ይሰብራል። ሁለተኛው ለዳገቱ ሲባል የፓምፑን የነዳጅ መጠን ብሎን አጥብቆ ነዳጁን መጨመር ነው፤ ጥቁር ጭስና ሙቀት ይጨምራል እንጂ የተደፈነ ወንፊት አይከፍትም። ሦስተኛው ቱርቦ መጨመር ነው። የዚህ ሞተር ቅድመ ማቃጠያ ክፍሎች ለዚያ ሙቀት አልተሠሩም፣ ቴስታታው በዙሪያቸው ሊሰነጠቅ ይችላል።

መኪናውን ለመሸጥም ሆነ ለማቆየት የሚወስኑት እንግዲህ ቺንጋው፣ ቴርሞስታቱ፣ ካንዴላዎቹና የነዳጅ መስመሩ ከተስተካከሉ በኋላ ይሁን። ከዚያ በኋላም ጠዋት የሚያስቸግር ከሆነ የስድስቱን ሲሊንደሮች የኮምፕረሽን ቁጥር፣ ልኬቱ የተወሰደበትን ከፍታና በማፍሰሻ ፍተሻው ፉጨቱ በየት በኩል እንደተሰማ ጽፈው ይላኩልኝ፤ መካኒኩ ሞተሩን ለማውረድ የሚጠይቀውም ቢያንስ እነዚህን ቁጥሮች በእጁ ይዞ መሆን አለበት።